ብሬ የት ቢውል ይሻላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ ስለ መስጠት ናቸው። ሰው መስጠት ይፈልጋል፣ ግን የት እንደሚሰጥ ግራ ይገባዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰጥቶ ቆጭቶታል። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ሙሉውን ለዚሁ ሆኗል። ደብዳቤዎቹ ረጃጅም ስለነበሩ አሳጥረናቸዋል። “ዓ.ም.” ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ ወረዳ የመጣን ሰዎች እዚህ ሜሪላንድ ማኅበር አለን። በየወሩ ስናዋጣ ቆይተን ገንዘባችን 20 ሺህ ዶላር ገደማ ደርሷል። አሁን ግን ምን እናድርግበት በሚለው ልንጣላ ነው። ግማሾቻችን ለወረዳችን ሆስፒታል ያገለገሉ የሕክምና መሣሪያዎች በኮንቴነር እንላክ እንላለን። ሌሎቹ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት እንሥራ ይላሉ። በዚህ መሀል እዚሁ ያደገ አንድ ልጃችን ተነሥቶ “በዚህ ብር ብዙ ሕይወት የሚተርፈው ወባ ላይ ቢውል ነው፤ የእኛ ወረዳ ሆነ አልሆነ ምን ልዩነት አለው?” ብሎ ትልልቆቹን አስቀየማቸው። ማናችን ነን ትክክል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ መጀመሪያ ልጁን አትቀየሙት። አነጋገሩ ሸካራ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን ገና ማዋጣት ስትጀምሩ ሊነሣ የሚገባው ነበር።

ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢ በአንድ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት የሚሠሩ ሆልደን ካርኖፍስኪ እና ኤሊ ሃሰንፌልድ የሚባሉ ወጣቶች ከደሞዛቸው ላይ ለበጎ አድራጎት መስጠት ፈለጉ። ለድርጅቶች እየደወሉ “በምንሰጣችሁ ብር ምን ትሠራላችሁ? መሥራቱንስ በምን አረጋገጣችሁ?” ብለው ጠየቁ። የሚያጠግብ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ጊቭዌል የሚባል ተቋም አቋቋሙ። ተቋሙ ድርጅቶችን የሚመዝነው በቀላል ጥያቄዎች ነው። ሥራው ለውጥ ማምጣቱ በጥናት ተረጋግጧል ወይ? ለአንድ ሰው ስንት ይፈጃል? ተጨማሪ ብር ቢመጣለት የሚሠራበት ቦታ አለው ወይስ ያለው ይበቃዋል? ያልተሳካለትን ነገርስ በግልጽ ይናገራል?

በዚህ ወንፊት አልፈው ለዓመታት ከዝርዝሩ አናት ላይ የቆዩት ነገሮች ለዐይን የሚስቡ አይደሉም። የአልጋ አጎበር ማደል አለ። በዝናብ ወራት ለሕፃናት የወባ መከላከያ መድኃኒት መስጠት አለ። ቫይታሚን ኤ አለ። ሰሜን ናይጄሪያ ውስጥ ልጆቻቸውን ለሚያስከትቡ እናቶች ትንሽ ገንዘብ መስጠትም አለ። ሪባን የሚቆረጥበት ሕንፃ የለም። በእነሱ ስሌት በእነዚህ ሥራዎች አንድ ሕይወት ለማትረፍ ከ3,000 እስከ 5,500 ዶላር ገደማ ያስፈልጋል። የእናንተ 20 ሺህ በዚህ ሒሳብ ከሦስት እስከ ስድስት ሰው ነው።

“አጎበር እኮ አምስት ስድስት ዶላር ነው፤ እንዴት ሺዎች ይሆናል?” የሚል ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ነው። አጎበር ከሚታደላቸው ልጆች አብዛኞቹ ያለ አጎበሩም ያድጋሉ። የጥናቶች ድምር ውጤት እንደሚያሳየው ወባ ባለበት አካባቢ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር የሕፃናትን ሞት በ17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ብራችሁ ያተረፈው አጎበር የደረሰውን ልጅ ሁሉ አይደለም፤ አጎበሩ ባይኖር ይሞት የነበረውን ነው። ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ያለ እኛ ብር ምን ይሆን ነበር? ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚመዘዝ ነው።

ወረዳችን ሆነ አልሆነ በሚለው ግን ከልጁ እለያለሁ። ሰው ለተወለደበት ቀዬ ቢያደላ ነውር የለበትም። በዚያ ላይ እናንተ ቢሮ የተቀመጠ ተመራማሪ የሌለው ነገር አላችሁ፤ ማን ጋ እንደሚደወል ታውቃላችሁ። እንዲያውም የልጁ ሐሳብና የእናንተ ወረዳ ሊገናኙ ይችላሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ወባ በብዛት የሚያጠቃው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለውን አካባቢ ነው። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙንና ከ1,100 በላይ መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ወረዳችሁ ቆላ ወይም ወይና ደጋ ከሆነ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደውሉና አጎበር መጨረሻ የታደለው መቼ እንደሆነ፣ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ፣ የትኛው ቀበሌ እንደተዘለለ ጠይቁ። መንግሥት ወይም ወባን ለመከላከል ገንዘብ የሚሰጠው ዓለም አቀፉ ግሎባል ፈንድ በሚቀጥለው ወር ሊያድል ከሆነ የእናንተ አጎበር ትርፍ ነው። የተዘለለ ቀበሌ ካለ ደግሞ ሥራችሁ እዚያ ነው።

አሁን ወደ ኮንቴነሩ። በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ማኅበር በቅን ልብ ብሩን የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነው። አንድ አሜሪካዊ ሆስፒታል የጣለው የላቦራቶሪ ማሽን አለ እንበል። ማሽኑ በነጻ ነው። ማጓጓዣው ግን በነጻ አይደለም። ጅቡቲ ወደብ፣ ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከዚያ የጉምሩክ ወረቀት፤ ወረቀቱ በዘገየ ቁጥር የመጋዘን ኪራዩ ይቆጥራል። ማሽኑ ደረሰ። የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ አገር መብራት 220 ነው። ትራንስፎርመር ተገዛ። ምርመራ የሚሠራበት ኬሚካል የሚመጣው ከአንድ ፋብሪካ ብቻ ነው፤ ያ ፋብሪካ ኢትዮጵያ ውስጥ ወኪል የለውም። መብራት ሲቆራረጥ አንዱ ክፍል ተቃጠለ። የሚጠግን ባለሙያ ያለው ክልል ከተማ ነው፤ እሱም መለዋወጫ የለውም። ማሽኑ ኮሪደር ላይ ይቆማል፣ ጨርቅ ይለብሳል። ንብረት ክፍል ስለመዘገበው መጣልም አይቻልም። እንዲህ የቆሙ ማሽኖች ያልሞሉት የወረዳ ሆስፒታል ካለ ደስ ይለኛል።

መሣሪያ አትላኩ ማለቴ አይደለም። ሆስፒታሉ ራሱ በሞዴልና በቁጥር ጠርቶ የጠየቀው ከሆነ፣ የሚጠግነውና ዕቃውን የሚያቀርበው ሰው አዲስ አበባ ካለ፣ ግዙለት። ግን እዚያው አገር ቤት ግዙለት። ለጭነት የሚከፈለው ብር ብዙ ነገር ይገዛል።

ቤተ መጻሕፍቱስ? እዚህ ላይ ጥናቶቹ የሚያስገርም ነገር ይላሉ። ምዕራብ ኬንያ ውስጥ በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ለተወሰኑ ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጽሐፍ ሰጥተው ካላገኙት ጋር አነጻጸሩ። አማካይ ውጤት ምንም አልጨመረም። የተጠቀሙት ድሮም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ናቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋ ነው። እዚያው አካባቢ ለተማሪዎች የአንጀት ትል መድኃኒት ሲሰጥ ግን፣ መድኃኒቱ በጣም ርካሽ ሆኖ ሳለ፣ ከትምህርት ቤት መቅረት በሩብ ያህል ቀነሰ። ይህን ጥናት ከሠሩት አንዱ ማይክል ክሬመር በ2019 ከአቢጂት ባነርጂና ከኤስተር ዱፍሎ ጋር በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል። የትል ጥናቱ ኋላ ላይ ብዙ ክርክር ተነሥቶበታል፤ ባለሙያዎች እስካሁን በአንድ ድምፅ አይናገሩም። የመጽሐፉ ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ልጁ ማንበብ ካልቻለ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ አይረዳውም። ህንድ ውስጥ ፕራታም የሚባል ድርጅት የሠራው ነገር የተሻለ ውጤት አምጥቷል፤ ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን በሚችሉት ልክ እየመደቡ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ማንበብና ማስላት ማስተማር ነው። ይህ ሕንፃ አይፈልግም። በየሰፈሩ ሥራ ያጡ አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ ወጣቶች አሉ፤ ለእነሱ አበል ይፈልጋል።

ሌላው ማኅበራት የሚወዱት ለሴቶች የሚዞር ብድር ማቋቋም ነው። ከ2003 እስከ 2006 ኦሮሚያና አማራ ክልል ውስጥ የተሠራ ጥናት ብድር በገባባቸው አካባቢዎች የሚበደረው ሰው በጣም እንደጨመረ፣ በኑሮው ላይ ግን ጎልቶ የሚታይ ለውጥ እንዳልመጣ አሳይቷል። ቦስኒያ፣ ህንድ፣ ሜክሲኮ፣ ሞንጎሊያና ሞሮኮ ውስጥ የተሠሩትም ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ብድር ለአንዳንዱ ይጠቅማል፤ ከድህነት የሚያወጣ መንገድ ተብሎ ሲወራለት የነበረው ግን ከአቅሙ በላይ ነው።

ስለዚህ ምን ታደርጋላችሁ? ሁለት ሰው ይወከልና ይደውል። አንዱ ለሆስፒታሉ፣ አንዱ ለትምህርት ቤቱ። ለሥራ አስኪያጁ ብቻ እንዳይሆን። ማዋለጃ ክፍል ያለችውን ነርስ፣ አንደኛ ክፍል የሚያስተምረውን መምህር አነጋግሩ። “ምን ይጎድላችኋል?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ ዝርዝሩ አያልቅም። “ባለፈው ወር በምን ምክንያት ነው ሰው ሳትረዱ የመለሳችሁት?” በሉ። ጓንት ይሆናል፣ የአምቡላንስ ነዳጅ ይሆናል፣ ኦክስጅን ይሆናል። ወረዳችሁ አማራ ክልል ከሆነ ደግሞ ስለ ትራኮማ ጠይቁ። ክልሉ በዓለም ላይ በትራኮማ በጣም ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። የዐይን ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ዐይን በተርገበገበ ቁጥር ዐይኑን ይፍቀዋል። እናቶች በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት ይቆያሉ፤ መጨረሻው መታወር ነው። ቀዶ ሕክምናው ግን አጭር ነው፤ የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ላይ ይሠራዋል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ዶክተር አይደለም፤ ሴትየዋን ከቀበሌዋ የሚያመጣት ትራንስፖርትና የሚቀሰቅሳት ሰው ነው። የእናንተን ያህል ብር ያለው ማኅበር እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ይሠራል።

ጥያቄ፦ ለአንድ ድርጅት በየወሩ በቴሌብር እልካለሁ። ግን ጓደኛዬ “ከመቶ ብርህ ሠላሳው ለቢሮና ለደሞዝ ነው የሚሄደው” አለኝ። እውነት ከሆነ ልተው ነው። ከመቶ ብር ስንት ሲደርስ ነው ጥሩ ድርጅት የሚባለው? (ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመተውህ በፊት ይህን ስማኝ። የቢሮ ወጪ ትንሽ መሆኑ ብሩ አለመሰረቁን በከፊል ሊያሳይህ ይችላል። ሥራው መሥራቱን ግን አያሳይህም።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፕሌይፓምፕ የሚባል ነገር ነበር። ልጆች የሚሽከረከሩበት መጫወቻ ነው፤ ሲዞር ውኃ ከጉድጓድ ይስባል። ሐሳቡ ልብ ይነካል፣ ፎቶው ያምራል። በ2006 የአሜሪካ ቀዳማዊት እመቤት ላውራ ቡሽ ባሉበት መድረክ ለዚህ ሥራ 16.4 ሚሊዮን ዶላር ሊመደብ መሆኑ ተነገረ። ብሩ በእርግጥም ፓምፕ ላይ ዋለ። ችግሩ ፓምፑ ነው። አንዱ 14 ሺህ ዶላር ገደማ ያወጣል፤ በዚያ ብር በእጅ የሚሠሩ ተራ ፓምፖች ብዙ መግጠም ይቻላል። ልጆች ደግሞ ይደክማቸዋል፣ ትምህርት አላቸው። ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ በ2009 ሲያሰላው፣ ይደርሳል የተባለው ሰው ሁሉ ውኃ እንዲያገኝ ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። በመጨረሻ የሚያሽከረክሩት እናቶች ሆኑ፣ ያውም ጎንበስ ብለው። ሲበላሽም የሚጠግነው ጠፋ። እንዲህ ያለ ድርጅት ከመቶ ብርህ ዘጠና አምስቱን “ሜዳ ላይ” አውሎልህ ማንንም ሳይጠቅም ሊቀር ይችላል።

በ2013 አሜሪካ ውስጥ ድርጅቶችን የሚገመግሙ ሦስት ታዋቂ ተቋማት፣ ቻሪቲ ናቪጌተር ያለበት ማለት ነው፣ በጋራ ደብዳቤ ጽፈው “በአስተዳደር ወጪ ብቻ አትመዝኑ” ብለው ለጋሾችን ለመኑ። ለዓመታት ሰዉን በዚህ መለኪያ ያስለመዱት እነሱው ጭምር ስለነበሩ ደብዳቤው ክብደት ነበረው።

በእኛ አገር ሕጉም በዚህ ጉዳይ ላይ ታሪክ አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 621 የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ያስገድድ ነበር። ያኔ ያስቸገረው ቁጥሩ ብቻ አልነበረም፤ ሥልጠናውም፣ ሠራተኛው ገጠር የሚሄድበት ትራንስፖርትም ሳይቀር “አስተዳደር” ተብሎ ይቆጠር ነበር። ድርጅቶች ለክትትል ሰው መላክ ፈሩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርደውም ምን አስተዳደር እንደሚባል ግን በተሻለ ለይቶታል። ስለዚህ የጓደኛህ “ሠላሳ” ከየት እንደመጣ ጠይቀው። ምናልባት የድሮውን ሕግ ሰምቶ ይሆናል።

ሒሳብ ሠራተኛ የሌለው ድርጅት ብርህ የት እንደገባ ሊነግርህ አይችልም። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ሄዶ “ሠራ ወይስ አልሠራም?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያልቀጠረ ድርጅት መልካም ወሬ ብቻ ነው የሚኖረው። እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፍላቸዋለሁ፦ “የባለፈውን ዓመት የኦዲት ሪፖርት ብታሳዩኝ። ደግሞ ባለፉት ዓመታት ሞክራችሁት ያልሠራላችሁና የተዋችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ።” የታወቁ ድርጅቶች በየዓመቱ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ኦዲት የተደረገ ሪፖርት ስለሚያቀርቡ ወረቀቱ አለ። ዋናው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። “ሁሉም ተሳክቶልናል” ካሉህ ጥርጣሬ ይግባህ። “ፍየል እናድል ነበር፣ በድርቁ ሞቱ፣ አሁን መኖ ላይ ነን” የሚልህ ድርጅት ካጋጠመህ አትልቀቀው።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ደሞዜ ሲገባ አብዛኛውን ለእናቴ እልካለሁ። ባለፈው ቲክቶክ ላይ የልብ ሕመም ያለበት ሕፃን አይቼ አለቀስኩ፣ 200 ድርሃም ላክሁ። ከዚያ ቪዲዮው የሌላ አገር ልጅ እንደሆነ ሰማሁ። ሰው ማመን አቃተኝ። ለእናቴ መላኬስ እርዳታ ይባላል? ጎረቤቶቼ ያልተራቡትን ነው የምትረጂው ይሉኛል። (ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ማልቀስሽ ትክክል ነው። ያላለቀሰ ሰው ነው የሚያሳስበው። ያጭበረበሩሽ ሰዎች ግን የሰው ልብ በምን እንደሚከፈት ያውቃሉ።

አሜሪካ ውስጥ በ2007 የታተመ ጥናት አለ። ለሰዎች አምስት አምስት ዶላር ተሰጣቸው። ለአንዱ ቡድን ሮኪያ የምትባል የሰባት ዓመት ማሊያዊት ልጅ ፎቶና ታሪክ አሳዩት። ለሌላው ቡድን በአፍሪካ ስንት ሚሊዮን ሰው እንደተራበ የሚገልጽ ቁጥር ሰጡት። ሮኪያን ያዩት በአማካይ 2.38 ዶላር ሰጡ፤ ቁጥሩን ያዩት 1.14። ሦስተኛው ቡድን ሮኪያንም ቁጥሩንም አንድ ላይ አየ። እነዚህ ይበልጥ ይሰጣሉ ብለሽ ትጠብቂያለሽ። 1.43 ነው የሰጡት። የአንድ ልጅ ፊት ኪሳችንን ይከፍታል፤ ብዛት ሲጨመርበት ልባችን ይቀዘቅዛል። ይህ ያንቺ ድክመት አይደለም፣ የሁላችንም ነው። ለዚህ ነው ፊት የሚያሳይሽን ነገር ለአንድ ቀን ማሳደር ያለብሽ። ላይቭ ላይ “አሁኑኑ፣ ሰዓት እያለቀ ነው” ሲሉሽ አትላኪ። የታመመው ልጅ እውነተኛ ከሆነ ነገም ያስፈልገዋል።

በሚቀጥለው ጊዜ የሆስፒታሉን ስም ጠይቂና በግለሰቡ አካውንት ሳይሆን በሆስፒታሉ አካውንት ክፈይ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ካለሽ ሄዶ ካርዱን ይይልሽ።

የልብ ነገር ካነሣሽ አይቀር አንድ ነገር ልንገርሽ። በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ብዙ ሺህ ሕፃናት ወረፋ የሚጠብቁበት ነው። እዚያ መስጠት መልካም ነው። ግን እነዚህ ልጆች ከምን ታመው እንደመጡ አይተሽ ታውቂያለሽ? ብዙዎቹ ልባቸው የተጎዳው ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ነው። ልጁን ጉሮሮውን ያመዋል፣ ትኩሳት አለው፤ ቤተሰብ “ቶንሲል ነው” ብሎ ይተወዋል ወይ እንጥል ያስቆርጠዋል። ባክቴሪያው በጊዜው ካልታከመ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን የልብ ቫልቭ ያጠቃል። ዓመታት ቆይቶ ልጁ ዳገት መውጣት ያቅተዋል። መጀመሪያ ላይ የሚያድነው ፔኒሲሊን ነበር፣ ከቀላሎቹ መድኃኒቶች አንዱ። ለቀዶ ሕክምናው ሁላችንም እናለቅሳለን። ለፔኒሲሊኑ የሚያለቅስ የለም፤ ምክንያቱም ገና ያልታመመ ልጅ ፊት ቲክቶክ ላይ አይታይም። ስለዚህ እናትሽ ሰፈር ያሉ እናቶች “ልጄን ጉሮሮውን አመመው” ሲሉ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት በድምፅ መልእክት መንገር ምንም ድርሃም አይፈጅብሽም።

አሁን ወደ እናትሽ። እርዳታ ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። በሚገባ ነው። ጊቭዳይሬክትሊ የሚባል ድርጅት ኬንያ ውስጥ ለድሃ ቤተሰቦች በስልክ በቀጥታ ብር ይልካል። ምን ግዙ አይልም። ሲያያ በሚባል አካባቢ ከ10,500 ለሚበልጡ ቤተሰቦች 1,000 ዶላር ገደማ ለእያንዳንዳቸው ተሰጠ፤ ተመራማሪዎች ጎረቤት መንደሮችን ጭምር ተከታተሉ። ብሩ በእጅ በእጅ እየዞረ፣ ቆርቆሮ ሻጩ፣ ግንበኛው፣ ሱቁ ሁሉ ተጠቀመ። የተሰጠው እያንዳንዱ ዶላር የአካባቢውን ገቢ በ2.5 ዶላር ገደማ እንዳሳደገ አሰሉ። የዕቃ ዋጋ ደግሞ እምብዛም አልናረም። “ድሃ ብር ካገኘ ይጠጣበታል” የሚለው ወሬም አልተረጋገጠም፤ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ 19 ጥናቶችን ያየ የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ሥራ ሰው ብር ሲሰጠው በመጠጥና በሲጋራ ላይ የሚያወጣው እንደማይጨምር አግኝቷል።

አንቺም የምትሠሪው ይህንኑ ነው። ቢሮ የለሽም፣ መኪና የለሽም። እናትሽ የጎደላትን ከማንም በላይ ታውቃለች። ጎረቤቶችሽ ያልተራበ ትረጃለሽ ማለታቸው ግን ጨርሶ ስሕተት አይደለም። ከምትልኪው ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ለይተሽ “ይቺን ከሰፈር በጣም ለቸገራት ስጪልኝ” ብትያት እናትሽ ማን ቁርስ ሳይቀምስ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ታውቃለች። ደግሞ ለራስሽም አስቀምጪ። ያንቺ ኮንትራት አንድ ቀን ያልቃል፤ ባዶ እጅሽን ብትመለሺ የምትረጂው ሁሉ አብሮሽ ይወድቃል። ይህን የምልሽ ከልቤ ነው።

ጥያቄ፦ በገና ልጆቼን ይዤ አገር ቤት እመጣለሁ። አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ሄደን ስጦታና ልብስ ልንሰጥ፣ ከልጆቹ ጋር ልንውል አስበናል። ጥሩ ነው? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ አሳብዎ መልካም ነው፤ ግን ማሳደጊያውን ይተዉት። ማሳደጊያ ያሉ ልጆች ብዙዎቹ እናት ወይም አባት ወይም አያት አላቸው፤ ያስገባቸው ድህነት ነው። ከ2000 ጀምሮ ሩማኒያ ውስጥ በተደረገው የቡካሬስት ጥናት ከማሳደጊያ ወጥተው ቤተሰብ ውስጥ የገቡ ሕፃናት በአእምሮ እድገታቸው እዚያው ከቀሩት በልጠው ተገኝተዋል፤ በተለይ ገና ሕፃን ሳሉ የወጡት። በየበዓሉ የሚመጣ እንግዳ ደግሞ ለልጆቹ አንድ ተጨማሪ የሚለያቸው ሰው ነው፤ ይሞቃሉ፣ ይለምዱታል፣ ይሄዳል። ስጦታ የሚጎርፍበት ማሳደጊያ ልጆቹን ወደ ቤተሰብ ለመመለስ እምብዛም አይቸኩልም።

ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ከከለከለች ወዲህ አገር ውስጥ ልጅ ተቀብለው የሚያሳድጉ ቤተሰቦች ይበልጥ ያስፈልጋሉ። ለልብስና ለአሻንጉሊት ያሰቡትን ብር ልጆችን ከዘመዶቻቸው ጋር መልሶ ለሚያገናኝ፣ ለአያቶች የትምህርት ቤት ወጪና የቤት ኪራይ ለሚደግፍ ድርጅት ይስጡ። አዲስ አበባ ሲገቡ የክፍለ ከተማዎን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ልጁን ማሳደጊያ ሊያስገባው የተቃረበ ግን ትንሽ ድጋፍ ቢያገኝ የማያስገባው ቤተሰብ ይጠቁሙዎታል። ልጆችዎም አብረው ይሂዱ፤ የሚጎበኙት ቤት ቢሆን ይሻላል፣ ቡናም ይፈላላቸዋል።